«በዓመት 5 በመቶ» ማለት ስንት ነው? የሕዝብ ዕድገት ጥያቄዎች አፈታት

ከአያት ወደ የካ አባዶ፣ ከቱሉ ዲምቱ ወደ ኮዬ ፈጬ ወይም ከመገናኛ ወደ ለገጣፎ ለሚመላለስ ሰው «ሕዝቡ እኮ በእጥፍ ጨመረ!» የሚለው ንግግር አዲስ አይደለም። የታክሲ ሰልፍ ሲረዝም ይባላል፤ ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ይባላል፤ ትምህርት ቤት ምዝገባው ሲጨናነቅም ይባላል። ግን በእጥፍ የጨመረው በስንት ዓመት ነው? በዓመት ሲታሰብ ስንት በመቶ ይሆናል? በዚሁ ከቀጠለስ ከአሥር ዓመት በኋላ ስንት ሰው ይኖራል?

እነዚህ ጥያቄዎች ለቀበሌውም፣ ለውሃ መሥሪያ ቤቱም፣ ልጁን የት እንደሚያስመዘግብ ለሚጨነቅ ወላጅም ይጠቅማሉ። የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መጽሐፍ ውስጥ ደግሞ «ወርድ ፕሮብለም» ሆነው ይመጣሉ። ብዙ ተማሪ ቀመሩን በቃሉ ያውቀዋል፤ ጥያቄው በዓረፍተ ነገር ሲቀርብለት ግን ይጠፋበታል። እንደማየው ችግሩ ስሌቱ ላይ አይደለም። ጥያቄው ገና ተነቦ ሳያልቅ ወደ ቀመሩ መሮጥ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ከቀመሩ ይልቅ ንባቡን እናስቀድም።

ኤክስፖኔንሻል ዕድገት ምንድን ነው?

አንድ ነገር በሁለት መንገድ ሊያድግ ይችላል። በመጀመሪያው መንገድ በየዓመቱ እኩል ቁጥር ይጨመርበታል፤ ለምሳሌ በየዓመቱ 1,000 ሰው። በሁለተኛው መንገድ የሚጨመረው ካለው ላይ እየታሰበ ነው፤ ለምሳሌ በየዓመቱ ካለው ሕዝብ 5 በመቶ። ኤክስፖኔንሻል የሚባለው ይህ ሁለተኛው ነው።

ልዩነቱ ገንዘብ ላይ ጎልቶ ይታያል። አንዱ ሰው በየዓመቱ እኩል ብር ሳጥን ውስጥ ያስቀምጣል። ሌላው ባንክ አስገብቶ ወለዱን ሳያወጣ ይተወዋል፤ በሚቀጥለው ዓመት ወለዱም ራሱ ይወልዳል። ሕዝብም እንዲሁ ነው፤ ዘንድሮ የተወለዱት አድገው በተራቸው ይወልዳሉ። ሕዝቡ በበዛ ቁጥር በየዓመቱ የሚጨመረውም ይበዛል።

ስለዚህ ጥያቄውን ስናነብ መጀመሪያ የምንፈልገው ይህንን ነው፦ የሚጨመረው ነገር የተነገረን በሰው ቁጥር ነው ወይስ በመቶኛ? በሰው ቁጥር ከሆነ እንደምራለን፤ በመቶኛ ከሆነ እናባዛለን።

ለምን በቀላሉ አንደምረውም?

ኮዬ ፈጬ አካባቢ ተማሪዎችን ሳስጠና አንዲት ልጅ ይህን ጥያቄ ሠርታ አመጣችልኝ፦ «የአንድ ከተማ ሕዝብ 20,000 ነው። በዓመት 5 በመቶ ካደገ ከ10 ዓመት በኋላ ስንት ይሆናል?» ደብተሯ ላይ የተጻፈው መልስ 30,000 ነበር።

«ቲቸር፣ የ20,000 5 በመቶ 1,000 ነው። አሥር ዓመት ሲሆን 10,000 ይመጣል። አይደለም እንዴ?»

የመጀመሪያውን ዓመት በትክክል ሠርታዋለች። 20,000 ላይ 1,000 ሲጨመር 21,000 ይሆናል። «እሺ፣ አሁን የሁለተኛውን ዓመት 5 በመቶ ከየትኛው ላይ ታወጪዋለሽ?» አልኳት። ትንሽ አሰበችና እርሳሷን አነሳች። ከ21,000 ላይ 5 በመቶ 1,050 ነው፤ ድምሩ 22,050። ሦስተኛው ዓመት ላይ የሚጨመረው 1,102 ተኩል ሆነ። «ተኩል ሰው የለም» ብላ ሳቀች። እውነቷን ነው፤ ነገር ግን ግማሹን እዚያው መጣል የለብንም። የምናጠጋጋው መጨረሻ ላይ አንዴ ብቻ ነው።

በየዓመቱ እየደመሩ አሥር ጊዜ መሄድ ይቻላል፤ አጭር መንገድ ግን አለ። አንድ ነገር ላይ 5 በመቶ መጨመር ማለት በ1.05 ማባዛት ማለት ነው፤ 1 ያለው ነው፣ 0.05 ደግሞ ጭማሪው። አሥር ዓመት ማለት አሥር ጊዜ በ1.05 ማባዛት ነው፦

20,000 × 1.05¹⁰ = 20,000 × 1.6289 = 32,578 ገደማ

ከ30,000 ጋር ያለው ልዩነት 2,578 ሰው ነው። አሥር ዓመት ላይ ብዙም አያስደነግጥም። ሠላሳ ዓመት ብንሄድ ግን በመደመር 50,000 የሚሆነው በማባዛት ከ86,000 ያልፋል። ሠላሳ ዓመት ያገለግላል ተብሎ የሚዘረጋ የውሃ መስመር በመደመር ቢታሰብ ከሕዝቡ ከአንድ ሦስተኛ በላይ የሚሆነው ከሒሳቡ ውጭ ቀረ ማለት ነው።

ካልኩሌተር በሌለበት ፈተና ላይ 1.05¹⁰ የሚያስፈራው ተማሪ ብዙ ነው። አሥር ጊዜ ማባዛት ግን አያስፈልግም። 1.05ን በራሱ ስናባዛ 1.1025 ይመጣል፤ ይህ የሁለት ዓመት ነው። እሱን በራሱ ስናባዛ 1.2155፤ ይህ የአራት ዓመት ነው። አሁንም በራሱ ስናባዛ 1.4775፤ የስምንት ዓመት። የስምንቱን በሁለቱ ስናባዛ አሥር ዓመቱ ተገኘ።

ጥያቄው የሚፈልገው የቱን ነው?

ቀመሩ በአማርኛ ሲጻፍ ይህን ይመስላል፦

የመጨረሻ ብዛት = መነሻ ብዛት × (1 + የዕድገት ምጣኔ) በዓመታቱ ቁጥር ርቢ

የዕድገት ምጣኔ ማለት በዓመት የሚጨመረው መቶኛ ሲሆን በአሥርዮሽ ይጻፋል፤ 5 በመቶ 0.05 ነው፣ 2.6 በመቶ 0.026 ነው። 2.6ን 0.26 ብሎ መጻፍ በጣም የተለመደ ስህተት ነው፤ አንዲት ዜሮ ስትዘለል መልሱ ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። አርቢ የሚባለው ደግሞ ስንት ጊዜ እንደምናባዛ የሚነግረን፣ ከላይ በትንሹ የሚጻፈው ቁጥር ነው።

ቀመሩ ውስጥ አራት ነገሮች አሉ፦ መነሻ፣ ምጣኔ፣ ጊዜ እና መጨረሻ። ማንኛውም ጥያቄ ሦስቱን ሰጥቶ አራተኛውን ይጠይቃል። ስለዚህ ከማስላት በፊት የተሰጡትን ሦስቱን ከነስማቸው ወረቀት ላይ ማስፈር ነው፤ የቀረው ተፈላጊው ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ ብዙ ልጆች የሚቸገሩት በሒሳቡ ሳይሆን በቋንቋው ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ጥያቄ መጀመሪያ አፉን በፈታበት ቋንቋ እንዲናገረው የተደረገ ተማሪ ግማሹን መንገድ እንደሄደ እቆጥረዋለሁ።

«በስንት ዓመት እጥፍ ይሆናል?» ሲባልስ?

እዚህ ላይ የጠፋው ጊዜው ነው። 1.05 ስንት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 2 ይሆናል? የአርቢውን ቦታ የያዘውን ቁጥር ወደ ታች የሚያወርድልን ሎጋሪዝም ነው። በ10 መሠረት የ2 ሎጋሪዝም 0.3010 ነው፤ የ1.05 ሎጋሪዝም 0.0212። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ስናካፍል 14.2 ዓመት ይመጣል። እዚህ ጋ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ 0.0212ን አጠጋግቶ 0.02 ያለ ሰው መልሱ 15 ዓመት ይሆንበታል። ሎጋሪዝም ላይ ትንሽ ማጠጋጋት ዓመት ታስከፍላለች።

ለችኮላ የሚሆን ዘዴም አለ፤ 70ን ለመቶኛው ማካፈል። 70 ሲካፈል ለ5፣ 14 ነው። በ2 በመቶ የሚያድግ 35 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል፤ በ3.5 በመቶ የሚያድግ 20 ዓመት። ይህ ግምት ነው፤ መቶኛው ትንሽ ሲሆን በደንብ ይሠራል፤ ከ10 በላይ ሲሆን ግን እየራቀ ይሄዳል።

ጥያቄው በተቃራኒው ሲመጣ ደግሞ ወጥመድ አለበት። «ሕዝቡ በየ12 ዓመቱ እጥፍ ይሆናል፤ በዓመት ስንት በመቶ ያድጋል?» ሲባል 100ን ለ12 አካፍሎ 8.33 በመቶ የሚል ብዙ ነው። እስቲ መልሰን እንፈትሸው፦ 1.0833 አሥራ ሁለት ጊዜ ሲባዛ 2.6 ይሆናል፤ እጥፍ ሳይሆን ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ። ትክክለኛው ምጣኔ 5.95 በመቶ ገደማ ነው። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ላይ ምጣኔውን ማውጣትም ላያስፈልግ ይችላል፤ መነሻውን በ2 ማባዛት ብቻ ነው፣ አርቢውም ዓመቱ ለ12 ሲካፈል የሚገኘው ነው። ለ36 ዓመት ሦስት ጊዜ እጥፍ ማለት ነው፤ ስምንት እጥፍ።

በእውነተኛ ቁጥር እንሞክረው?

የአዲስ አበባ ሕዝብ ጥቅምት 1 ቀን 1987 ዓ.ም. በተካሄደው ቆጠራ 2,112,737 ነበር። ግንቦት 20 ቀን 1999 ዓ.ም. በተካሄደው ቆጠራ 2,739,551 ሆነ። በዓመት በስንት በመቶ አደገ?

መጀመሪያ የመጨረሻውን ለመነሻው እናካፍላለን፦ 1.2967። በጠቅላላው 29.67 በመቶ አደገ ማለት ነው። ቀጥሎ ጊዜውን እንቁጠር። ከ1999 ላይ 1987ን ቀንሶ «12 ዓመት» ማለት ይቀናል፤ ቀኖቹን ስናይ ግን ከጥቅምት 1 እስከ ግንቦት 20 ሌላ ሰባት ወር ከ19 ቀን አለ። ጊዜው 12.63 ዓመት ያህል ነው።

የ1.2967 ሎጋሪዝም 0.1128 ነው። ለ12.63 ሲካፈል 0.00893 ይሆናል። ከሎጋሪዝም ስንመልሰው 1.0208፤ ማለትም በዓመት 2.08 በመቶ። ለከተማዋ በይፋ የተነገረውም 2.1 በመቶ ነው፤ ስሌታችን እዚያው አረፈ። ጊዜውን 12 ብለን ብንይዝ 2.19 ይመጣ ነበር። 29.67ን በቀጥታ ለዓመታቱ ብናካፍል ደግሞ 2.35። ሦስቱ ተቀራራቢ ይመስላሉ። ሆኖም 70ን ለእያንዳንዳቸው ብናካፍል አንዱ ከተማዋ በ34 ዓመት ገደማ እጥፍ ትሆናለች ይለናል፤ ሌላው በ30 ዓመት።

በአገር ደረጃ በሁለቱ ቆጠራዎች መካከል የነበረው ምጣኔ 2.6 በመቶ ነበር፤ ከ53.5 ሚሊዮን ወደ 73.75 ሚሊዮን። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ እንዲካሄድ ያዛል፤ አራተኛው ቆጠራ ግን በተደጋጋሚ ተራዝሟል። ስለዚህ ዛሬ የምንሰማው የሕዝብ ቁጥር ሁሉ በስሌት የተገኘ ትንበያ ነው። ባለሙያዎቹ የሚጠቀሙበት ዘዴ ዕድሜን፣ ወሊድን፣ ሞትንና ፍልሰትን ለየብቻ የሚያሰላ ስለሆነ ከእኛ ቀመር የጠለቀ ነው፤ ነገር ግን የምጣኔ ልዩነት እዚያም እየተባዛ ይሄዳል። ለማሳያ ያህል፣ 73.75 ሚሊዮን ሕዝብ ለ15 ዓመት አንዴ በ2.4 በመቶ፣ አንዴ በ2.9 በመቶ አደገ ብለን እናስላ። የመጀመሪያው 105 ሚሊዮን ገደማ ይሰጣል፤ ሁለተኛው 113 ሚሊዮን። በግማሽ በመቶ ልዩነት ብቻ ስምንት ሚሊዮን ሰው! ስለ አገራችን የሕዝብ ብዛት የተለያዩ ተቋማት በሚሊዮኖች የሚራራቅ ቁጥር ሲናገሩ የግድ አንዱ ዋሸ ማለት እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ወደ ኋላ ሲጠየቅስ? ሲቀንስስ?

«ሕዝቡ በዓመት 5 በመቶ አድጎ ዘንድሮ 42,000 ደረሰ፤ አምና ስንት ነበር?» ከ42,000 ላይ 5 በመቶ መቀነስ 39,900 ይሰጣል፤ ስህተት ነው። አምስት በመቶው የታሰበው ከአምናው ላይ እንጂ ከዘንድሮው ላይ አይደለም። ለ1.05 ስናካፍል 40,000 ይመጣል፤ 40,000 ላይ 5 በመቶ ስንጨምር ደግሞ 42,000።

ሲቀንስም ያው ማባዛት ነው። መልሶ ማልማት የተጀመረበት የመሀል ከተማ ሰፈር ሕዝቡ በዓመት 8 በመቶ ቢቀንስ 92 በመቶው ይቀራል ማለት ስለሆነ በ0.92 እናባዛለን። በአምስት ዓመት ከመነሻው 66 በመቶ ያህሉ ይቀራል፤ አምስት ጊዜ ስምንት አርባ ነው ብሎ 60 በመቶ ያለ ተሳስቷል።

2.718 የሚባለው ቁጥርስ?

አንዳንድ ጥያቄ ዕድገቱ «ያለማቋረጥ» ነው ይላል። ያን ጊዜ በዓመት አንዴ ሳይሆን በየቅጽበቱ እየታሰበ የሚጨመር ስለሆነ በኦይለር ቁጥር፣ ማለትም በ2.718 እንሠራለን፤ አርቢው ምጣኔው በዓመቱ ሲባዛ የሚገኘው ነው። ከላይ ያለችው ባለ 20,000 ሰው ከተማ በዚህ መንገድ ከ10 ዓመት በኋላ 32,974 ትሆናለች፤ ከቅድሙ በ396 ትበልጣለች። ጥያቄው «በዓመት» ካለ የመጀመሪያውን፣ «ያለማቋረጥ» ካለ ይህንን መጠቀም ነው።

የአዲስ አበባ ዳርቻ በዚህ ቀመር ይገለጻል ወይ?

በከፊል። እስካሁን ያየነው ቀመር ሕዝቡ ከራሱ ውስጥ፣ በተመሳሳይ ምጣኔ እንደሚያድግ ይገምታል። የከተማዋ ዳርቻ ግን የሚያድገው በወሊድ ብቻ አይደለም። ኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጥቶ ቁልፍ ሲሰጥ በጥቂት ወራት ውስጥ ሺዎች ይገባሉ። ከገጠር ሥራ ፍለጋ የሚመጣ አለ፤ መሀል ከተማ የቤት ኪራይ አልቻል ብሎት የሚወጣም አለ። ከዚህም ሌላ ወሰኑ ራሱ ይቀያየራል፤ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታና ለገጣፎ ለገዳዲ በሸገር ከተማ ሥር ከተጠቃለሉ በኋላ የድሮውን የአንዱን ከተማ ቁጥር ከአዲሱ አስተዳደር ቁጥር ጋር ማወዳደር ማንም ሳይወለድና ማንም ሳይመጣ ዕድገት ያሳያል።

የዳርቻ ሰፈርን የሚመስል ጥያቄ እንሥራ፤ ቁጥሮቹ ለምሳሌ ብቻ የተቀመጡ ናቸው። የአንድ ሰፈር ነባር ሕዝብ 8,000 ነው፤ በዓመት 3 በመቶ ያድጋል። በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ ኮንዶሚኒየም ተላልፎ 12,000 ሰው ገባ። ከዚያ በኋላ ሁሉም በ3 በመቶ ማደጉን ቀጠለ። በሰባተኛው ዓመት መጨረሻ ስንት ይሆናል?

እንዲህ ያለውን በአንድ ቀመር መጠቅለል አይቻልም፤ ሰዎቹ የገቡበት ቀን ላይ ለሁለት እንከፍለዋለን። እስከ ሦስተኛው ዓመት፦ 8,000 × 1.03³ = 8,742። የገቡት ሲደመሩ 20,742። ቀሪዎቹ አራት ዓመታት፦ 20,742 × 1.03⁴ = 23,345።

አሁን ይህን ታሪክ የማያውቅ ሰው ሁለቱን ጫፎች ብቻ አየ እንበል። «ሕዝቡ በሰባት ዓመት ከ8,000 ወደ 23,345 አደገ» ብሎ ምጣኔውን ሲያወጣ በዓመት 16.5 በመቶ ይመጣለታል። ስሌቱ ላይ ስህተት የለበትም። በዚሁ ምጣኔ የሚቀጥሉትን አሥር ዓመታት ሲተነብይ ግን ወደ 108,000 ሰው ያገኛል። ሌላ ኮንዶሚኒየም ካልተሠራ ሰፈሩ በ3 በመቶ የሚደርሰው 31,374 ገደማ ነው። በመጀመሪያው ቁጥር ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ የሚያቅድ ሰው ለሦስት ሰፈር የሚበቃ ያቅዳል፤ ያን ያህል በጀት ደግሞ ሌላ ቦታ ይጎድላል። ይህን ሳስብ ለልጆች የሚሰጠው ጥያቄ ሁልጊዜ «በ5 በመቶ ያድጋል» ብሎ ጨርሶ መቅረቡ ይቆጨኛል፤ 5 በመቶው ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ጥያቄ እምብዛም አይገኝም።

ቋሚ ምጣኔ ለዘላለም እንደማይዘልቅም መታወቅ አለበት። እንግሊዛዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ማልተስ እ.ኤ.አ. በ1798 ሕዝብ በማባዛት እንደሚያድግ፣ ምግብ ግን በመደመር ብቻ እንደሚጨምር ጽፎ ነበር። ቤልጅየማዊው የሒሳብ ሊቅ ቨርሁልስት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1838 ሕዝቡ ቦታና ሀብት ወደሚፈቅድለት ጣሪያ ሲቃረብ ዕድገቱ እየቀዘቀዘ የሚሄድበትን ቀመር አወጣ። የዓለም ሕዝብ ዕድገት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በዓመት ከ2 በመቶ በላይ ነበር፤ አሁን ከ1 በመቶ በታች ወርዷል።

በየዓመቱ የሚመጣ ሰው ካለስ?

ፈተና ላይ ብዙም አይመጣም፤ ለዳርቻው ግን ይበልጥ የሚቀርበው ይህ ነው። ሰፈሩ 20,000 ሰው አለው፤ በወሊድና በሞት ልዩነት በዓመት 3 በመቶ ያድጋል፤ በተጨማሪም በየዓመቱ መጨረሻ 500 ሰው ከሌላ ቦታ ይመጣል። እዚህ ማባዛቱም መደመሩም ያስፈልጋሉ፤ በየዓመቱ መጀመሪያ በ1.03 ማባዛት፣ ቀጥሎ 500 መደመር። አንደኛው ዓመት 20,600 ሲደመር 500፣ 21,100። ሁለተኛው ዓመት 21,733 ሲደመር 500፣ 22,233። ሦስተኛው 22,900 ሲደመር 500፣ 23,400። አምና የመጡት 500 ሰዎችም ዘንድሮ በ3 በመቶው ውስጥ ይቆጠራሉ፤ ስለዚህ 500ዎቹን ለይቶ መጨረሻ ላይ በአንድ ጊዜ መደመር መልሱን ያሳንሰዋል። በሦስት ዓመት ልዩነቱ 45 ሰው ያህል ነው። በሃያ ዓመት ደግሞ 10,000 ብለን የምንደምረው ከ13,400 በላይ ሆኖ ይገኛል።